መልስ፦ ስለ ኢንተርኔትና ማህበረሰብ ታማኝ ምንጭ ከየት ላግኝ ላልሽው

እህቴ፣ ኢንተርኔት ማህበረሰቡን እንዴት ቀየረው የሚል ፔፐር ልሰራ ነው ላልሽው፣ መጀመሪያ ርዕሱን አጥብቢው፣ እንዲህ ሰፍቶ አያልቅልሽም። ለምሳሌ ቡና ዋጋ በቴሌግራም መጠያየቅ ደላላውን ምን አደረገው ብትዪ ጅማ ሂርማታ ገበያ ወርደሽ ራሱ የምትጠይቂው ሰው አለ። ከዛ ጉግል ስኮላር (የጥናት ጽሁፍ መፈለጊያው) ግቢ፣ የአገራችን ጆርናሎች ደሞ በርካቶቹ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የሚባለው ድረገጽ ላይ አሉልሽ፣ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ቁጥር ከአይቲዩ (የተመድ የቴሌኮም ድርጅት) ውሰጂ። ዊኪፒዲያን እንደ ምንጭ እንዳትጠቅሺ፣ ከስር የደረደራቸውን ግን ክፈቺያቸው። እኔ አንዴ ፌስቡክ ላይ ያየሁትን ፐርሰንት ከትቼ አድቫይዘሬ ፊት ላብ በላብ ሆኛለሁ 😅 አመተ ምህረቱንም እዪ፣ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም ስራ ከመጀመሩ በፊት የተሰበሰበ ዳታ ቴሌ ብቻውን የነበረበት ዘመን ነው፣ ከአሁኑ ጋር ዝም ብለሽ አታወዳድሪው።