ጥርስ ላይ የተለጠፈውን ልባጭ ኢንዛይም ያሟሟዋልን?

ጥያቄ፦ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስኳር የበዛበት ሻይ እጠጣለሁ። ወዲያው አፌን በውሃ ብጉመጠመጥም ጥርሴ ላይ የሚያሟልጭ ነገር ይቀራል። እኅቴ ከውጭ አገር ኢንዛይም ያለበት የጥርስ ሳሙና ልካልኝ፣ «ይህ ካለሽ ብሩሽ ብዙም አያስፈልግሽም» ብላኛለች። እውነት ነው? ደግሞም ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ከጀመርኩ ወዲህ አፌ ይደርቃል፤ ይህ ጥርሴን ይጎዳው ይሆን?
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብሩሹን አይተዉት። ሳሙናው ጉዳት የለውም፤ እኅትዎ ያሉትን ያህል ሥራ ግን አይሠራም።

የሚያሟልጨው ነገር የምግብ ትራፊ ሳይሆን ባክቴሪያዎች ራሳቸው የሚሠሩት ልባጭ ነው። ከእነዚህ ዋነኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ኪሊያን ክላርክ የተባሉ ተመራማሪ ከተቦረቦረ ጥርስ ለይተው ያገኙት ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ነው። ይህ ባክቴሪያ ግሉኮሲልትራንስፌሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን) ወደ ውጭ ያመነጫል፤ እነርሱም የሻይዎን ስኳር ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ቀላል ስኳሮች ከከፈሉ በኋላ ግሉኮሱን እየቀጣጠሉ ግሉካን የተባለ ረጅም ሰንሰለት ይሠሩበታል። ከግሉካን አንዱ ዓይነት በውሃ ይሟሟል፤ ሌላው ግን አይሟሟም፤ ባክቴሪያዎቹን ከጥርስ ጋር አጣብቆ የሚይዘውም በተለይ ይኸኛው ነው። ፍሩክቶሱም ቢሆን አይባክንም፤ ባክቴሪያው ተመግቦት ኢናሜልን (የጥርስን ጠንካራ የላይ ሽፋን) ወደሚያሟሟ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል።

መጉመጥመጡ ያልረዳዎት በፈሳሽ ጠባይ ምክንያት ነው። ፈሳሽ በጠጣር ነገር ላይ ሲያልፍ ከገጹ ጋር የተነካካው ክፍል ቆሞ ይቀራል፤ ፍጥነት የሚያገኘው ከገጹ እየራቀ ሲሄድ ነው። ሌት ተቀን ውሃ የሚወርድበት የወንዝ ድንጋይ አሟላጭ ሆኖ የሚኖረውም ስለዚሁ ነው። የምራቅ ፍሰት ደግሞ ከዚህ እጅግ ያዘግማል። ጥርስን የሚሸፍነው የምራቅ ንብርብር 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ኮሊን ዶውስ ባካሄዱት ጥናት ፍጥነቱ እንደ ቦታው በደቂቃ ከ0.8 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ተገምቷል። በጣም የሚያዘግመው በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ፣ በከንፈር በኩል ስለሆነ አሲድ ብዙ የሚቆየው እዚያ ነው።

ልባጩን በሌላ ኢንዛይም የመቁረጥ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፔኒሲሊየም ሻጋታ የተገኘው ዴክስትራኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሃምስተር በሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በሰው ላይ ግን ውጤቱ ደካማ ሆነ። ዴክስትራኔዝ በደንብ የሚቆርጠው የሚሟሟውን ግሉካን ነው፤ የማይሟሟውን የሚቆርጠው ሚውታኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ነው። ከዚህም ሌላ ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ አፍ ውስጥ የገባ መጉመጥመጫ ግን ከደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ከተተፋ በኋላ የተረፈውንም ምራቅ ጠርጎ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ገበያው አንባቢን ያሳስታል ባይ ነኝ፤ በብዙዎቹ የኢንዛይም ሳሙናዎች ውስጥ ያሉት እንደ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ያሉ፣ ጀርም የሚያዳክም ጥቂት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እያስገኙ የምራቅን የመከላከል አቅም የሚያግዙ ናቸው እንጂ ልባጭ የሚያሟሙ አይደሉም። ልባጩን የሚያስለቅቀው ፍትጊያ ነው። ብሩሽ ከሌለ ጫፉ በደንብ ተታኝኮ የለሰለሰ የወይራ መፋቂያም፣ ድድን ሳያቆስሉ ከተጠቀሙበት፣ ይሠራል።

የአፍዎ መድረቅ ከሳሙናው ይልቅ ያሳስበኛል። አሚትሪፕቲሊን ነርቮች ለምራቅ ዕጢዎች የሚያስተላልፉትን ትእዛዝ ያግዳል። ጤናማ ሰው ምንም ሳያኝክ በደቂቃ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሊትር ያህል ምራቅ ያመነጫል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ግን ፍሰቱ ሊቆም ምንም አይቀረው። በዚህ ላይ መድኃኒቱ ሲጨመር፣ ከመኝታ በፊት የተጠጣ ጣፋጭ ሻይ የሚያመጣውን አሲድ የሚያጥበውም የሚያረክሰውም አይኖርም። ስለዚህ ስኳር ያለበትን ሻይ ከምግብ ጋር ያድርጉት፤ በመካከል ያለ ስኳር ይጠጡ። ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ይቦርሹና አረፋውን ተፍተው፣ በውሃ ሳይጉመጠመጡ ይተኙ። የኢንዛይሙ ሳሙና ፍሎራይድ እንዳለው ከማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ።

መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ። መጠኑ ይቀነስ ወይም በሌላ ይተካ እንደሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ። የጥርስ ሐኪምዎም የምራቅዎን ፍሰት እንዲለካልዎት ይጠይቁ፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል ምራቅን በመለኪያ ዕቃ ውስጥ ማጠራቀም ነው፤ በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል።