ፎርማት ከማድረግሽ በፊት ወደ ኋላ መልሺው

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይህ ነው። ላፕቶፗ ቀርፋፋ ሆኖባት ለአንድ ሰው ሰጠችው። ሰውየው «ድራይቨሮቹን ሁሉ በአንዴ ያድሳል» የሚባል ፕሮግራም ጭኖ መለሰላት። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር ነው። ከዚያ ወዲህ ፓስወርድ አስገብታ ዴስክቶፑ ብቅ ከማለቱ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ማሽኑ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ሲነሳ) ግን ደህና ይሠራል። እዚያው ሆና ሲስተም ሪስቶር (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰውን መሣሪያ) ሞክራ፣ ብዙ አስጠብቆ «አልተሳካም» አላት። አሁን ፎርማት ይደረግ ተብላለች፤ የፎቶዎቿ ነገር አስጨንቋታል።

እህቴ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተዪው። «በሴፍ ሞድ ደህና ይሠራል» ያልሽው ነው ለኔ ትልቁ ምልክት። ሴፍ ሞድ ላይ ዊንዶውስ የራሱን ተራ የስክሪን ድራይቨር ይጠቀማል፤ ሰውየው የጫነውን አይነካውም። ስለዚህ የጠረጠርኩት የግራፊክስ ድራይቨሩን ነው። ዲስኩ ወይም ራሙ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ሴፍ ሞድንም አይምርም ነበር።

እነዚህ «ሁሉን በአንዴ» የሚሉ ፕሮግራሞች በጣም ያናድዱኛል። ለሌላ ሞዴል የተሠራውን ድራይቨር ይቀራረባል ብለው ይለጥፉብሻል። ማሽን ቀርፋፋ ሲሆን ምክንያቱን መፈለግ እንጂ ደህና የነበረውን ድራይቨር መነካካት ጥገና አይደለም።

በሴፍ ሞድ ግቢና ፎቶና ሰነዶችሽን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ ቻርጀሩን ሰኪ። ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ሰኪ። ሪስቶር በመሀል ኃይል ከተቋረጠበት ዊንዶውሱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ቀላሉን አስቀድሚ። ዲቫይስ ማናጀር (የማሽኑ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት መስኮት) ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቺ፣ የግራፊክስ ካርዱን ስም በቀኝ ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ ድራይቨር። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለሽ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው፤ እለፊው።

ቀጥሎ ሪስቶሩን ድገሚው፣ ግን ከዊንዶውስ ውጭ ሆነሽ። ውስጥ ሆነሽ ስትሞክሪ የሚያከሽፈው ብዙ ጊዜ አንቲቫይረስ ወይም በሥራ ላይ የተያዘ ፋይል ነው። ፓስወርድ የሚጠይቀው ስክሪን ላይ ሺፍትን ተጭነሽ ሳትለቂ ሪስታርት በይው። ሰማያዊ ሜኑ ሲመጣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ሲስተም ሪስቶር። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንትሽ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ቀድመሽ ጽፈሽ ያዢው። ፕሮግራሙ ከተጫነበት ቀን በፊት ያለውን የሪስቶር ነጥብ፣ ማለትም የምትመለሺበትን ጊዜ፣ ምረጪ። «ሬጅስትሪ በመመለስ ላይ» (ሬጅስትሪ የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ ነው) ብሎ ረጅም ጊዜ ቢቆም ተንጠልጥሏል ብለሽ የማጥፊያውን ቁልፍ አትጫኚ። ደግሜ ልበል፦ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ፣ ማሽኑን አትንኪው።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ብታውቂ ፍርሃትሽ ይቀንሳል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ የሪስቶር ነጥብ ሲፈጠር ዲስኩ በሙሉ አይገለበጥም። ዊንዶውስ ያቺን ሰዓት ምልክት ያደርግባታል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ አንድ የዲስክ ክፍል ላይ አዲስ ነገር ሊጻፍ ሲል፣ እዚያ የነበረው አሮጌ ይዘት በቅድሚያ በ16 ኪሎባይት ቁራጭ ወደ ተለየ ቦታ ይቀመጣል። ደብተር ላይ አንድ መስመር ከመሰረዝሽ በፊት የነበረውን ሌላ ወረቀት ላይ እንደ መጻፍ ነው። ነጥቡ ቶሎ የሚፈጠረው ለዚህ ነው። የተመደበው ቦታ ሲሞላ ደግሞ ከሁሉ የቆየው ነጥብ ይጠፋል። ሲመለስም የሚነካው የሲስተም ፋይሎችን፣ ሬጅስትሪን፣ ድራይቨሮችንና ፕሮግራሞችን ነው፤ ፎቶና ሰነድሽን አይነካም። ከዚያ ቀን በኋላ የጫንሻቸው ፕሮግራሞች ግን ይሄዳሉ። ያልተለወጠው የዲስክ ክፍል ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ የለውም። ዲስኩ ከሞተ ነጥቡም አብሮ ይሞታል። ስም የሌለው ርካሽ ኤስ ኤስ ዲ የተገጠመለት ማሽን ላይ ሪስቶርን እንደ ባክአፕ መቁጠር በፋይልሽ መቆመር ነው።

የሪስቶር ነጥቦቹ ዝርዝር ባዶ ከሆነብሽ ወይ «ማሽኑ እንዲፈጥን» ተብሎ ሲስተም ፕሮቴክሽን (ነጥቦቹን የሚፈጥረው) ተዘግቷል፣ ወይ አንድ የማጽጃ ፕሮግራም ጠርጎታል። ያኔ ወደ ሴፍ ሞድ ተመለሺ፣ በዲቫይስ ማናጀር የግራፊክስ ድራይቨሩን አንኢንስቶል አድርጊ። «የድራይቨሩን ሶፍትዌር አጥፋ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ እንዳትረሺ። ከዚያ ትክክለኛውን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በሞዴል ቁጥሩ ፈልገሽ ጫኚ።

ማሽኑ ሲነሳልሽ ያን ፕሮግራም ወዲያው ፈልጊው፤ ካለ አጥፊው፣ ካላጠፋሽው ያንኑ ድራይቨር መልሶ ያመጣዋል። ሲስተም ፕሮቴክሽንን ክፈቺ፣ ከዲስኩ ከ5 እስከ 10 በመቶ መድቢለትና በራስሽ እጅ አንድ ነጥብ ፍጠሪ።