የካሜራ ደወል ስንት ዓመት ይቆያል፣ ስንትስ ያስወጣል? (ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን)

ሰላም እህቴ፣ ለአዲሱ ቤት እንኳን ደስ ያላችሁ። ጥያቄሽ «ሲልቨር ስፕሪንግ ታውንሃውስ ገዝተናል፤ ካሜራ ያለው የበር ደወል ልናስገባ ነው። ስንት ዓመት ያገለግላል? ከመግዣው ሌላ ምን ያስወጣል? አንዱንስ አዲስ አበባ ለእናቴ ብወስድላት?» የሚል ነው። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች የገዙትን እየነገሩሽ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኞቹ ገና አንደኛ ዓመታቸው ላይ ናቸው። አንደኛ ዓመት ላይ ሁሉም ደወል ይሠራል። እኔ የራሴንም የዘመድ ወዳጅንም ቤት ስሰቅልና ሲያስቸግር ሳወርድ ስለቆየሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ዕቃው ራሱ፣ ማለቴ ካሜራውና ቁልፉ፣ ቶሎ አይሞትም። በጣም ርካሹን ካልገዛሽ በቀር አምስት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ያለፈም አውቃለሁ። ሰው «ተበላሸ» ብሎ ሲጠራኝ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ባትሪው ደክሞ፣ ወይ ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል አንሶ፣ ወይ ዋይፋዩ በሩ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። ዋስትናው ደግሞ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ነው፤ እነዚህ ችግሮች የሚመጡት እሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሪንግን እንውሰድ፣ ሐበሻ ቤት በር ላይ በብዛት የማየው እሱን ነው። ወርሃዊ ክፍያ ባትከፍዪም ሰው ሲደውል ስልክሽ ይጮሃል፣ በቀጥታ ታዪዋለሽ፣ ታነጋግሪዋለሽ። ያለፈውን ግን አያስቀምጥልሽም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መኪናሽን የነካካውን ሰው ጠዋት ላይ ልየው ብትዪ የለም። ደወሉን የገዛሽው ለዚያ ከሆነ ክፍያው የግድ ነው ማለት ነው። የአንድ ካሜራ ክፍያ እስከ 2022 አጋማሽ በዓመት 30 ዶላር ነበር። ከዚያ 40 ሆነ፣ በማርች 2024 ደግሞ 50 ገባ። የጉግል ኔስትም እንደዚያው ነው፤ በ2020 በዓመት 60 ዶላር የነበረው በ2023 መጨረሻ 80፣ በ2025 ደግሞ 100 ሆኗል። ልዩነቱ፣ የጉግሉ አንድ ክፍያ ቤት ውስጥ ያሉሽን ካሜራዎች ሁሉ ይሸፍናል። ሦስት አራት ካሜራ ላለው ሰው ያዋጣል፤ ለአንድ ደወል ብቻ ግን ውድ ነው።

እስቲ የአምስት ዓመቱን አስቢው። 100 ዶላር የገዛሽው የሪንግ ባትሪ ደወል፣ 250 ዶላር ክፍያ፣ ትርፍ ባትሪ ወደ 35 ዶላር፤ በድምሩ 385 ገደማ። በ180 ዶላር የተገዛ ኔስት ከነክፍያው 680 ይደርሳል። ይሄ ሁሉ ክፍያው እንዳለ ከቆየ ነው፤ እስካሁን እንዳየነው ደግሞ አይቆይም። ስለዚህ በብላክ ፍራይደይ 40 ዶላር ቅናሽ አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ቅናሹን በአንድ ዓመት ውስጥ ይመልሰዋል።

ክፍያ የማይጠይቁም አሉ። ዩፊና ሪኦሊንክ ቀረጻውን ቤትሽ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ በሜሞሪ ካርድ ወይም ሳሎን በምታስቀምጪው መቅጃ። እኔ ዛሬ ብገዛ የምገዛው ከዚህ ዓይነቱ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቂ። ካርዱ ደወሉ ውስጥ ከሆነ ሌባው ደወሉን ነቅሎ ሲሄድ ማስረጃውንም ይዞት ይሄዳል፤ መቅጃው ቤት ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛ፣ «ቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚቀመጠው» የሚለውን ቃል እንዳለ አትመኚ። በ2022 መጨረሻ ላይ ዩፊ የሰዎችን ፊት የያዙ ትንንሽ ምስሎች ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር፣ ይልክ እንደነበር አንድ የደኅንነት ተመራማሪ አጋልጦ ብዙ አነጋግሯል። ሪንግም ከዚህ ነፃ አይደለም። ሠራተኞች የደንበኞችን ቪዲዮ ያዩ ነበር በሚል የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ክስ አቅርቦበት በ2023 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዢ ወደ ውጭ ወደ በሩ ይመልከት፤ በሩ ሲከፈት ሳሎንሽን በሚያሳይ ቦታ አትስቀዪው።

ባትሪው። ሳጥኑ ላይ ስድስት ወር ይቆያል የሚል ታነቢያለሽ። ያ ጸጥ ባለ መንገድ፣ በቀን ጥቂት ሰው ለሚያልፍበት በር ነው። ታውንሃውስ ደግሞ በሩ ለእግረኛ መንገድ ቅርብ ነው፤ ውሻ የሚያንሸራሽር፣ ዕቃ የሚያመጣ፣ መኪና የሚያቆም ሁሉ ካሜራውን ይቀሰቅሰዋል። ቤት ውስጥ ማኅበር ወይም ልቅሶ የተቀመጡ ጊዜማ ባትሪው ሲወርድ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ። እንዲህ ያለ በር ላይ በየጥቂት ሳምንቱ ቻርጅ ማድረግ ሊመጣ ይችላል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ የሚያረጀው በተሞላና ባለቀ ቁጥር ነው፤ ከ300 እስከ 500 ያህል ዙር ካለፈ በኋላ አቅሙ ጎልቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያልፍበት በር ያለው ሰው ባትሪው ቶሎ ያረጅበታል። ከአፑ ገብተሽ የሚቃኘውን ቦታ ከመንገዱ መልሰሽ ወደ ደረጃሽ ብቻ ካጠበብሽው በጣም ይረዳል፤ ነፃ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አድርጊ።

የባትሪ ደወል የግድ ከሆነብሽ ባትሪው ብቻውን የሚወጣውን ምረጪ። ባትሪው ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ ቻርጅ ለማድረግ ሙሉ ደወሉን ነቅለሽ ታስገቢያለሽ፤ እስኪሞላ በርሽ ያለ ደወል ነው። ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ የምትጥዪው ባትሪውን ሳይሆን ዕቃውን በሙሉ ነው።

ብርድ የሚባለው ነገር እዚህ ያሉ ብዙ ወገኖቻችንን ግራ ያጋባል። የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ32 ፋራናይት በታች ሲሆን ቻርጅ አይቀበልም፤ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። የባትሪ ደወልሽን ከድሮው የደወል ሽቦ ጋር ብታያይዢውም ያው ነው። ሽቦው የሚሰጠው ባትሪውን ቀስ እያለ የሚሞላ ኃይል እንጂ በቀጥታ ካሜራውን የሚያሠራ አይደለም። ጃንዋሪ ላይ ለቀናት በረዶ ሲሆን «ሽቦ ገጥሜለት ለምን ዘጋ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልተበላሸም፤ አስገብተሽ አሙቀሽ ሙዪው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲሰቅሉት ብሎን ቢጠፋባችሁ ከመሳቢያ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን አትግጠሙ። በኖቬምበር 2020 ወደ 350,000 የሚጠጉ የሪንግ ሁለተኛ ትውልድ ደወሎች የደኅንነት ጥሪ (ሪኮል) ወጥቶባቸው ነበር። ምክንያቱ ሰዎች ከሳጥኑ ጋር በመጣው ፈንታ ሌላ ብሎን ሲገጥሙ ብሎኑ ባትሪውን እየወጋ እሳት ማስነሳቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሽቦው። ታውንሃውሱ የድሮ ደወል ካለው ግድግዳው ውስጥ ቀጭን ሁለት ሽቦ አለ፤ መነሻው ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። ቤዝመንት፣ ፈርነሱ አጠገብ፣ አንዳንዴም ከብሬከር ሳጥኑ ጎን ታገኚዋለሽ። ላዩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። የድሮ ቤቶች ላይ 10 ቮልት ወይም 16 ቮልት፣ 10 ቪኤ (VA፣ ትራንስፎርመሩ መስጠት የሚችለው የኃይል መጠን) የሚል ነው የሚገኘው። ያ ለዲንግዶንግ በቂ ነበር። የካሜራ ደወል ግን በአብዛኛው ከ16 እስከ 24 ቮልት ይፈልጋል፤ እኔ 30 ቪኤ ካልሆነ አልገጥምም። ኃይሉ ካነሰ ምልክቱ ይታወቃል፤ ቀን ቀን በደንብ ይሠራና ሲመሽ የማታ ማያ መብራቱ ሲበራ እየጠፋ ይመለሳል፣ ውስጥ ያለው ደወል ደግሞ ሳይነካ ይዝ ይዝ ይላል። ሰው ይሄን ጊዜ ነው ደወሉን መልሶ ሌላ የሚገዛው። ሁለተኛውም ያው ይሆንበታል።

ትራንስፎርመሩ ራሱ ከ20 እስከ 30 ዶላር ቢሆን ነው። ለኤሌክትሪሺያን እኛ አካባቢ 150 ዶላር ገደማ ልትከፍዪ ትችያለሽ። በአንድ በኩል የሚገባው 120 ቮልት ስለሆነ፣ የለመደ ሰው ካልሆነ ባልሽ እንዳይነካው፤ የለመደም ቢሆን መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፋ። ይሄ ወጪ ግን አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ የባትሪ ነገር ከቤትሽ ይወጣል። በሽቦ የሚሠራ ደወል በባትሪ ከሚሠራው ቀድሞ የሚነቃውም ለዚህ ነው፤ ኃይል ስለማይቆጥብ ሰውየው ደረጃውን ሲወጣ ይይዘዋል። የባትሪው አንዳንዴ የሚያሳይሽ ዕቃ አድርሶ የሚመለስ ሰው ጀርባ ነው። ከመግዛትሽ በፊት የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ይበቃል አይበቃም እናይልሻለን።

የምትገዢው ደወል ውስጥ ካለው የድሮ ደወል ጋር መሥራት አለመሥራቱንም ጠይቂ። ለምሳሌ የሪንግ ርካሹ ባለ ሽቦ ደወል የድሮውን ደወል ዘልሎ ነው የሚገጠመው፤ ቤት ውስጥ ድምፅ እንዲሰማሽ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሌላ ደወል ለብቻ ትገዢያለሽ። አያት ወይም ስልክ የማይዝ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋይፋይ ላይ ብዙ አልቆይም። ራውተሩ ቤዝመንት ከሆነና በሩ ብረት ወይም ጡብ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ባትሪም ይበላል። አብዛኞቹ አፖች የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ያሳያሉ፤ ከ-60 የተሻለ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ደህና ነው፣ -70 ካለፈ ራውተሩን አቅርቢው።

ሌላው ሰው የማያስበው፣ ደወሉ የአንቺ ቢሆንም አንጎሉ ያለው የኩባንያው ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 2021፣ ኋላም ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን ክላውድ ሲወድቅ የብዙ ሰው ሪንግ አብሮ ተደናቅፏል። ኩባንያው ሲሰለቸው ደግሞ ይዘጋዋል፤ ጉግል የድሮዎቹን ድሮፕካም ካሜራዎች በኤፕሪል 2024 አገልግሎታቸውን አቋርጧል፣ ካሜራው ደህና ሆኖ የሠራላቸውም ሰዎች መጣል ነበረባቸው። ለዚህ ነው ከአምስት ዓመት በላይ አስቤ የማልገዛው፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ትርፍ ነው።

ሜሪላንድ ስለሆንሽ ድምፁንም አስቢበት። የሜሪላንድ ሕግ የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉንም ተናጋሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቨርጂኒያና ዲሲ የአንዱ ይበቃል። ታውንሃውስ ላይ የጎረቤት ደረጃ ከአጠገብሽ ነውና የእነሱን ወሬ ሁሉ እየቀዳሽ እንዳትገኚ። ድምፅ መቅዳቱን ከአፑ ማጥፋት ይቻላል። የኤችኦኤውንም (የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ደንብ አስቀድመሽ እዪው፤ በሩ ላይ ቀዳዳ መብሳት የሚከለክሉ አሉ።

የእናትሽ ነገር ሌላ ነው። እዚህ የምንገዛውን ወደ አዲስ አበባ መውሰድ አልመክርሽም። የግቢው በር ከቤቱ ይርቃል፣ በሩ ቆርቆሮ ወይም ብረት ነው፣ ዋይፋዩ እዚያ አይደርስም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፤ ደወሉ ባትሪ ቢኖረውም ዕውር ነው። የእዚህ አገር ትራንስፎርመር 120 ቮልት ስለሆነ እዚያ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። አንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ ከሚሸጥባቸው አገሮች ውጭ አድራሻ አይቀበልም። እማማ በር ላይ ማን እንዳለ እንዲያዩ ከሆነ የፈለግሽው፣ እዚያው አዲስ አበባ የሚሸጠው በሽቦ የሚሠራ ቪዲዮ ኢንተርኮም ይሻላቸዋል። ከበሩ እስከ ሳሎን ሽቦ ይዘረጋል፣ ግድግዳ ላይ ስክሪን አለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ስልክ መነካካት ሳያስፈልጋቸው አንድ ቁልፍ ተጭነው ያናግራሉ፤ በሩን የሚከፍት ኤሌክትሪክ መቆለፊያ የሚገጠምላቸውም አሉ።

አንቺም ከዚህ ሆነሽ ማየት ካማረሽ ግን ለራውተሩና ለካሜራው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልጋል፤ እሱም እዚያው ይገኛል። የግድ ከዚህ የባትሪ ካሜራ እወስዳለሁ ካልሽ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ያዢ፤ የሊቲየም ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም።