ሲዲ ማስገቢያ የሌለውን አትግዛ

ከአዳማ አንድ ወጣት ጽፎልኛል። ጌም ቤት አለው፤ የሚያሠራው በፒኤስ 4 (በሶኒው ፕሌይስቴሽን 4) ብቻ ነው። ደንበኞቹ «ፒኤስ 5 ካላመጣህ ወደ ማዶው ቤት እንሄዳለን» እያሉ አስጨንቀውታል። እሱ ደግሞ አዲስ ኮንሶል (የጌም ማሽን) በመጣ ቁጥር የጌሙም ዋጋ አብሮ ይንራል ብሎ ይሰጋል። ፒኤስ 6 እንደሚመጣም ሰምቷል። «ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ብገዛስ የጌሙን ዋጋ እችለዋለሁ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መስጋትህ ልክ ነው። ግን ኪስህን የሚጎዳው ዋናው ነገር የጌሙ ዋጋ አይደለም።

ለማንኛውም ከእሱ እንጀምር። የአሜሪካን ዋጋ ነው የምጠቅሰው፣ ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። በፒኤስ 2 ዘመን አዲስ ትልቅ ጌም 50 ዶላር ገደማ ነበር። በ2005 ኤክስቦክስ 360፣ በ2006 ፒኤስ 3 ሲወጡ 60 ገባ። ከዚያ በኋላ ቆመ። ፒኤስ 4 በ2013 መጥቶ ዘመኑን ሲጨርስ እንኳ 60ው አልተነቃነቀም። በ2020 ፒኤስ 5 ሲመጣ 70 ሆነ፤ መጀመሪያ የደፈረው ኤንቢኤ 2ኬ21 ነው። በ2025 ኒንቴንዶ ስዊች 2ን ሲያወጣ ማሪዮ ካርት ወርልድን በ80 ዶላር ሸጠ። ማይክሮሶፍትም ዘ አውተር ወርልድስ 2ን 80 ሊያደርገው ብሎ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛበት ወደ 70 መለሰው።

ስለዚህ አዎ፣ ጭማሪው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ ኮንሶል ጋር ነው። አሳታሚዎቹ ዋጋ ለመጨመር ጥሩ አጋጣሚ ያገኛሉ። ወጪውን የሚቆልለው ግን የሰው ጉልበት ነው። በ2023 ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን የተባለውን የጌም ኩባንያ ሊገዛ ሲል በተነሳው ክስ፣ ሶኒ ለፍርድ ቤት ያስገባው ሰነድ በደንብ ሳይሸፈን ቀርቶ ቁጥሮቹ ታዩ። ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2 ወደ 200 ሰው ሠርቶበት 220 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ልብ በል፣ ይህ የፒኤስ 4 ጌም ነው! ፒኤስ 5 ባይፈጠርም ወጪው እዚያ ደርሶ ነበር።

ደግሞ በአዲስ ዘመን ጌም የረከሰበት ጊዜም አለ። በ1990ዎቹ ኒንቴንዶ 64 የሚሠራው ቺፕ ባለበት ካርትሪጅ ነበር። ካርትሪጁ ለመሥራት ውድ ስለሆነ አንዳንዱ ጌም 70 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ግን የሚሠራው በሲዲ ነበር። ሲዲ ማተም ርካሽ ስለሆነ የጌሙ ዋጋም ወረደ። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ጌሙ በምን ተጭኖ እንደሚሸጥ ከኮንሶሉ ዕድሜ በላይ ዋጋውን ይወስናል፤ አንተንም የሚመለከትህ እሱ ነው።

ሲዲ በእጅህ ካለ የሚሸጥልህ ሰው ብዙ ነው። ከዱባይ የሚያመጣ አለ፣ ተጫውቶ የሰለቸው አለ፣ የሚለዋወጥ ሌላ ጌም ቤት አለ። ሲሰለችህ አንተም ትሸጠዋለህ። ሲዲ የማያስገባ ማሽን ከገዛህ ግን ሻጭህ አንድ ብቻ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ስቶር። እሱ ያለውን ትከፍላለህ። ሰልችቶህ መሸጥ የለም። በዚያ ላይ ስቶሩ በአገር ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችውም። የአሜሪካ ወይም የኤምሬትስ አካውንት ከፍተህ በስቶሩ ካርድ (ጊፍት ካርድ) ነው የምትገዛው። ካርዱና አካውንቱ ደግሞ የአንድ አገር መሆን አለባቸው። የአሜሪካ ካርድ በኤምሬትስ አካውንት አይሠራም። ይህን ሳያውቅ ብሩ የተበላበት ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በነሐሴ 2025 ሶኒ አሜሪካ ውስጥ ዋጋ ጨምሮ ባለ ሲዲው ፒኤስ 5 ወደ 550 ዶላር፣ ሲዲ የሌለው ዲጂታሉ ወደ 500 ወጣ። ለብቻ የሚሸጠው ሲዲ ማስገቢያ 80 ነበር። በዚያ ዋጋ ዲጂታሉን ገዝተህ በኋላ ማስገቢያ ብትጨምር 580 ይመጣብሃል። 50 ዶላር አተረፍኩ ብለህ 30 ከሰርክ ማለት ነው። ፕሮ የሚባለውማ ያኔ 750 ዶላር ሆኖ እንኳ ያለ ሲዲ ማስገቢያ ነው የሚመጣው። ለጌም ቤት ምንም አይጨምርልህም፣ እለፈው።

«ቆይቼ ሲረክስ ልግዛ» የሚለውን ሐሳብም እርሳው። ድሮ ይሠራ ነበር። ፒኤስ 4 በ2013 400 ዶላር ወጥቶ፣ በ2016 ስሊሙ (ቀጭኑ ሞዴል) 300 ገባ። ፒኤስ 5 ግን በተቃራኒው ነው የሄደው። በ2020 500 የነበረው ባለ ሲዲ ማሽን ከአምስት ዓመት በኋላ 550 ሆኗል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም ከ500 ተነስቶ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 650 ደርሷል። ቺፕ እንደ ድሮው ዓመት በመጣ ቁጥር አይረክስም። የአሜሪካ ታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ) አለ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን እየጠራረጉ የራም ዋጋ ተሰቀለ። ኮንሶሉም የሚሠራው ከዚያው ሜሞሪ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ምንዛሪው አለ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ70 ዶላሩ ጌም ከ4,000 ብር ተነስቶ ከ7,000 በላይ ሆነ። ሶኒ ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5 ሲሻገር የጨመረው 10 ዶላር ከዚህ አጠገብ ኢምንት ነው። ገንዘቡ በእጅህ ካለ ብር ይዘህ ፒኤስ 6ን አትጠብቅ። ሲወጣም የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለጌም ቤት አይደለም።

እንግዲህ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። አንድ ባለ ሲዲ ፒኤስ 5 እገዛለሁ። ፒኤስ 4ዎቹን አልሸጥም። ደንበኛህ የሚጫወተው በአብዛኛው ኳስ ነው አይደል? ኢኤ ኤፍሲ 26 በመስከረም 2025 ሲወጣ ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ማሽኑ ገበያ ከገባ 12 ዓመት ሊሞላው ሲል! ኢፉትቦል ደግሞ በሁለቱም ላይ ነፃ ነው፤ ዳውንሎድ ማድረግ ብቻ ነው። ፒኤስ 5 የግድ የሚልህ ጂቲኤ 6 ነው፤ ለፒኤስ 4 አልተሠራም።

የፒኤስ 4 ሲዲ ፒኤስ 5 ላይ ይሠራል። የፒኤስ 5 ሲዲ ግን ፒኤስ 4 ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሁሉም ማሽን ላይ የሚዞር ጌም ስትገዛ የፒኤስ 4ቱን ሲዲ ግዛ። ኳሱን ግን ለፒኤስ 5 በራሱ ሲዲ ግዛለት። ደንበኛው የተጫዋቹን አሯሯጥ አይቶ ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል፤ ለፒኤስ 5 ከፍሎ የፒኤስ 4 ኳስ ካየ ይጣላሃል። አሮጌው የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ የሚሠራው የፒኤስ 4 ጌም ሲከፈት ብቻ መሆኑንም እወቅ።

ወደ ጆይስቲኩ ከመጣን፣ እውነተኛው ወጪህ እዚህ ነው። የፒኤስ 5 ጆይስቲክ በ2025 አሜሪካ ውስጥ 75 ዶላር ነበር። አራት ጆይስቲክ ከ550 ዶላሩ ኮንሶል ዋጋ ግማሽ በላይ ነበር ማለት ነው። ጌም ቤት ውስጥ ደግሞ ጆይስቲክ ይሞታል። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን መሄድ ሲጀምር፣ ከስቲኩ ሥር ያለው የካርቦን ንጣፍ በመፋተግ አልቋል ማለት ነው። አየር መንፋትና ማጽጃ መርጨት ለጊዜው ያሻሽለዋል እንጂ አያድነውም። ስታስጠግን በማግኔት የሚሠራውን፣ ሆል ኢፌክት የሚባለውን ስቲክ አስገጥም። የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ይቆያል። ብየዳውን የሠራው ባለሙያ ካሊብሬት ማድረጉንም (የስቲኩን መሃል ማስተካከሉን) ጠይቅ፤ ያለዚያ አዲሱም ስቲክ መሃሉን አይዝም።

መብራቱን ታውቀዋለህ። ፒኤስ 4 ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል ይበላሻል። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ቀይርለት፣ ቀላል ሥራ ነው። ፒኤስ 5 ኤስኤስዲው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ እንደዚያ አይቀየርም። ስለዚህ በተራ ዲቫይደር አትሰካው፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ግዛለት። ቦታ ከጠበበህ በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ የፒኤስ 4 ጌሞችን እዚያው ሆነው መጫወት ትችላለህ። የፒኤስ 5 ጌም ግን እዚያ ይቀመጣል እንጂ አይከፈትም።

ያገለገለ ማሽን ልትገዛ ከሆነ፣ ብር ሳትቆጥር በፊት የራስህን ሲዲ ይዘህ ሂድ። አንድ የፒኤስ 4፣ አንድ የፒኤስ 5። ሁለቱንም ያንብብ፣ ይትፋ፣ እንደገና ያንብብ። በ2020 የወጣው ትልቁ ፒኤስ 5 ሲዲ ማስገቢያው ከዋናው ቦርድ ጋር የተጣመረ ነው። የሌላ ማሽን ማስገቢያ እንዳለ ብትገጥምለት አያነብም፤ እኛ የምንጠግነው የድሮውን ማስገቢያ የራሱን ትንሽ ቦርድ ወደ አዲሱ ማስገቢያ አዛውረን ነው። ያ የማስገቢያው ቦርድ ከተቃጠለ ግን ሥራው ሌላ ነው። ስሊሙ ላይ ማስገቢያው ይነቀላል፣ ግን መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኤችዲኤምአይ ገመዱን በቀስታ ነቅነቅ አድርገው፤ ምስሉ ከጠፋ ሶኬቱ ተሰብሯል። ከባድ ጌም ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ተጫወትበት። ፒኤስ 5 ቺፑ ላይ ፈሳሽ ብረት አለው። የማያውቅ ሰው ከፍቶት ከሆነ ብረቱ ተንሸራቶ ማሽኑ ሲሞቅ ይጠፋል።

ሻጩ «ዲጂታል ነው፣ ማስገቢያውን በኋላ ትገጥማለህ» ካለህ፣ የማስገቢያውን ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ አስልተህ ከዋጋው ቀንስለት። ካልቀነሰ ተወው።