የምጣድ ሬዚስታንስና ፓወር ከቮልትና ከአምፔር
ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ያለው ምጣድህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ሲስብ ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገታበት መጠን) እና ፓወሩ ስንት ነው፣ ማታስ ለምን ይደክማል ላልከው፦ ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍል፤ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም። ፓወሩ የሁለቱ ብዜት ነው፤ 220 × 16 = 3520 ዋት።

ማታ ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ ግን በ16 እንዳታባዛው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ባለበት የሚቆየው ሬዚስታንሱ ነው (ሲግል ትንሽ ይጨምራል፣ ለዚህ ስሌት ተወው)። ስለዚህ አምፔሩም ይወርዳል፤ 180 ÷ 13.75 = 13.1 ገደማ፣ ፓወሩም ወደ 2356 ዋት። ቮልቱ 18 ከመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ በሲሶ ቀነሰ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ቢል ሊጡን አትውቀሰው!

ቮልቱን ምጣዱ በርቶ ሳለ ለካ፤ ጠፍቶ ከለካኸው የመስመሩ መድከም አይታይም። ክላምፕ ሜትሩ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) አንዱን ሽቦ ብቻ ይቀፍ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካስገባህ ዜሮ ያነባል።

የተቃጠለውን ሬዚስታንስ (የምጣዱን ማሞቂያ ሽቦም እንዲሁ ይሉታል) ቆርጦ መቀጠል ደግሞ አልመክርም። አንድ አስረኛው ቢቆረጥ 12.4 ኦም ገደማ ይቀራል፣ በ220 ቮልት አምፔሩ ወደ 17.8 ይወጣል፤ የ16 አምፔር ሶኬት እየጋለ ውሎ አድሮ ይቀልጣል።