ድሬድሽን ሰም አታስነኪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ድሬድ ከጀመርሽ 3 ሳምንት ሆኖሻል። ሥር ሥሩ እየተፈታ ነው። ላይ ላዩ ተንጨባሯል። ጭንቅላትሽን ያሳክክሻል፣ ግን «3 ወር ሙሉ ውኃ እንዳይነካው» ስላሉሽ አልታጠብሽም። አሁን «ሰም ልቀባው ወይስ ፈትቼ እንደ አዲስ ልጀምር?» እያልሽ ነው። ቀቢው ያሉሽን ሰዎች ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኔም የደነገጥኩት ልክ 3ኛው ሳምንት ላይ ነበር። አንቺ ግን ጠየቅሽ። እኔ ሳልጠይቅ ቀባሁት።

እንዳልዘባርቅ በቁጥር ልመልስልሽ።

1. አትፍቺው። 3 ሳምንት ገና ምንም ነው። ከርዳዳ ጸጉር እንኳ ድሬድ ሆኖ እስኪይዝ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም 1 ዓመት ተኩል ይፈጃል። ሉጫ ከሆነ ከዚያም ይቆያል። አሁን ጭንቅላትሽ ላይ ያለው ገና ጥምዝ ነው። ጥምዙ ለጸጉሩ መንገድ ያሳየዋል እንጂ አይቋጥረውም። የሚቋጥረው ምን መሰለሽ? ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ይረግፍበታል። ሲበጠር ያ ሁሉ ከማበጠሪያው ጋር ይወጣል። ድሬድ ላይ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ውስጥ ይቀርና ካልረገፈው ጋር ይተበተባል። የሚተበተበው ደግሞ ጸጉሩ ሲንቀሳቀስ፣ ሲታጠብ፣ ሲደርቅ ነው። ያስጠላሽ መንጨባረር ሥራው መጀመሩን ነው የሚነግርሽ።

ሲቋጠር ደግሞ ያጥራል። ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ድሬድሽን ከጀመርሽበት አጥሮ ልታገኚው ትችያለሽ። የኔ ትከሻዬን ይነካ የነበረው ጆሮዬ ጋ ሲደርስ አልቅሻለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

2. ታጠቢ። እባክሽ ታጠቢ። «ቆሻሻ ጸጉር ቶሎ ይይዛል» የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ቅባትና ወዝ ጸጉርን ያንሸራትተዋል። የሚያያዘው ንጹሕ ጸጉር ነው። በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ብትታጠቢ ምንም አይሆንም። እንዳይፈታብሽ ከፈራሽ ስቶኪንግ ጭንቅላትሽ ላይ አጥልቂ። ሻምፖውን በውኃ አቅጥኝው። ከስቶኪንጉ በላይ በጣትሽ ጫፍ የራስ ቆዳሽን ብቻ እሺው። ድሬዱን እንደ ካልሲ አትፈትጊው፣ አረፋው ሲወርድበት ይበቃዋል። ከዚያ በደንብ አለቅልቂው። አለቀለቅኩት ብለሽ ስታስቢ እንደገና አለቅልቂው። ኮንዲሽነሩን ለጊዜው ተይው። የተሠራው ጸጉር እንዳይያያዝ ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ እንዲያያዝ ነው። የተፈታውን ሥር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላው፣ ርጥብ እያለ በትንሽ እሬት ላላ አድርገሽ ጠምዝዥው። አለቀ።

ማሳከኩም ሲታጠብ ሳይቀንስልሽ አይቀርም። ታጥበሽ እንኳ ካልተወሽ፣ ከቀላ ወይም ፎረፎሩ ከበዛ፣ ቆዳ ሐኪም ይየው። ዘይት አታፍሺበት። ፎረፎር የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይወዳል።

3. ሰም። እንግዲህ እዚህ ላይ ቁጥሩን እረሳዋለሁ።

5ኛ ሳምንቴ ላይ ሰው የሚሰበሰብበት ዝግጅት ነበረብኝ። ተንጨባርሬ መሄድ አፈርኩ። ድሬዱን ወደ ጀመሩልኝ ጸጉር ቤት ሄድኩ። ሠሪዋ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ ከፈተች። በአውራ ጣቷ ዛቅ አድርጋ መዳፏ ላይ አሞቀችውና ከሥር እስከ ጫፍ ለቀለቀችኝ። ምን ልበልሽ፣ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አያውቅም። እንደ ገመድ ተገምዶ ያብረቀርቃል። ፎቶው እስከ ዛሬ አለኝ። ስወጣ «ለቤትሽ» ብላ ቆርቆሮውንም ሸጠችልኝ።

ከዚያ በየ2 ሳምንቱ ተመላለስኩ። ለ4 ወር። በተመላለስኩ ቁጥር ሌላ ሰም፣ ሌላ ጥምዘዛ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔን ነው። 3ኛው ወር ላይ ድሬዴ ግራጫ መሆን ጀመረ። የብርድ ልብስ፣ የሹራብ፣ የፎጣ ብናኝ ሁሉ ሰሙ ላይ ተለጥፏል። ስጨምቀው ነጭ ነገር ይወጣል። ከታጠብኩ ከ2 ቀን በኋላም ውስጡ ርጥብ ነው። ሽታው ደግሞ እርጥብ ሆኖ የተረሳ ልብስ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። የንብ ሰም ከውኃ ጋር አይስማማም። የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው። ጭንቅላትሽ የሚችለው ውኃ ደግሞ ከ40 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሻወር ሥር ብትቆሚም አይወጣም። ለስለስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ምን መሰለሽ? ድሬዱ የያዘ መስሎኝ ነበር። አልያዘም። ሰሙ አጣብቆት ነው። የተጣበቀ ጸጉር ደግሞ አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ አይተበተብም። 4 ወር በላብኝ።

ለሠሪዋ ላሳያት ተመለስኩ። አንዱን ድሬድ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አሸተተችው። ጓደኛዋን «ነይ እዪ» አለቻት። ሳቁ። ሰው ሞልቶ ተቀምጧል። «አንቺ ንጽሕና አልጠበቅሽም። ቆርጠሽ ጣይውና እንደ አዲስ እንጀምርልሽ» አለችኝ። በገዛ እጇ የለቀለቀችው ሰም! ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ብዙ መልስ ነበረኝ፣ ሁሉም የመጣልኝ ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አልቆረጥኩም። እልህ ይሁን ምን እንጃ። 7 ቅዳሜ ፈጀብኝ እንጂ አወጣሁት። ምናልባት ቀብተሽው ከሆነ እንዲህ ነው። ሰምን የሚያሟሟው ቅባት ነው። ቀጠን ያለ ዘይት ለብ አድርገሽ በደረቁ ድሬድ ላይ እሺው፣ አንድ በአንድ። በላስቲክ ሸፍነሽ ግማሽ ሰዓት ካስክ ውስጥ ተቀመጪ። ገና ትኩስ ሳለ በአሮጌ ጨርቅ ጨምቂው፣ ሰሙን ጨርቁ ላይ ታይዋለሽ። ከዚያ ውኃ ሳይነካው ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አድርጊበትና በሞቀ ውኃ እጠቢው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሪ። እኔ በአንድ ቅዳሜ 8 ወይም 9 ነበር የማደርሰው። መቶ በመቶ አይወጣም። ጫፍ ጫፉ ላይ የተጠራቀመውን በመቀስ ቆርጬዋለሁ።

መሐል ላይ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ቤኪንግ ሶዳ ያጸዳል ሲሉኝ 3 ሳምንት በተከታታይ ነከርኩት። የሶዳው ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8 አካባቢ ነው፣ የራስ ቆዳ ደግሞ 5.5 አካባቢ። ጸጉሬ ገለባ ሆነ። 6 ድሬድ ከወገቡ ተበጠሰ። በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ በስሱ፣ ከዚያም በውኃ በቀጠነ አቼቶ አለቅልቆ ከሆነ እሺ። በየሳምንቱ ግን በጭራሽ።

የጥምዘዛው ጣጣ ደግሞ አለ። በየ2 ሳምንቱ ሥሩን ሲወጥሩት በጆሮ ግንዴ በኩል ጸጉሬ ሳሳ። ሥሩ ሁልጊዜ ሲጎተት ይደክማል። በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል። ለዓመታት ከቆየ ግን ጠባሳ ይሆንና በዚያው ይቀራል። የኔ በቀኝ በኩል ተመልሷል። በግራ ስስ እንደሆነ ቀርቷል፣ ላዩ ላይ አንድ ድሬድ አስተኛበታለሁ። ስለዚህ ሥሩን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይሞላው አታስጠምዝዢው። ተጠምዝዘሽ በወጣሽ ማታ ትራስ ላይ መተኛት ካቃተሽ ወይም ሥሩ ላይ ብጉር ካወጣ፣ ጠብቋል ማለት ነው። በነጋታው ይለምዳል የሚሉሽን አትስሚ። ላላ አድርጊው።

በኪሮሽ እንሥራልሽ የሚሉም ይመጡብሻል። በአንድ ቀን የ1 ዓመት ድሬድ ይመስላል፣ እውነት ነው። ግን መርፌው ጸጉሩን ሲያስገባ ሊበጥሰው ይችላል። የተበጠሰ ነገር ለመጠገን ካልሆነ ገና በ3 ሳምንትሽ አያስፈልግሽም።

4 ነበር መሰለኝ የደረስኩት። ድሬዶችሽ ሥራቸው ላይ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በታጠብሽ ቁጥር በጣትሽ ለይያቸው። ትንሽ የመላጥ ድምፅ አለው፣ አትደንግጪ። እኔ ይሄን ሳላውቅ 4 ጥንዶች ተጋብተው ቀሩ። በ64 ጀምሬ፣ ከተበጠሱት 6 ጋር 10 ጎድሎ ዛሬ 54 ነኝ። ግን 6ኛ ዓመቴ ነው፣ ወገቤን አልፏል፣ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው አስቁሞ «የት ተሠርተሽ ነው?» ይለኛል። ያቺ ሠሪ አንድ ቀን ብታየኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ማድረቁን እንዳትረሺ። ጠዋት ታጠቢ፣ ማታ አትታጠቢ። በፎጣ አትፈትጊው፣ በአሮጌ ቲሸርት ጭመቂው። ርጥብ ድሬድ አስረሽ ከተኛሽበት ውስጡ ይሻግታል። ማታ የሳቲን ሻሽ እሰሪ። የሱፍና የጥጥ ብናኝ አንዴ ውስጥ ከገባ በወረንጦ ስትለቅሚው ነው የምትኖሪው።

በቃ፣ ነገ ጠዋት ተነሺና ታጠቢ። ሲደርቅ ፎቶ ላኪልኝ፣ መንጨባረሩን አይቼ እነግርሻለሁ። ሰሙን ቀድመሽ ገዝተሽው ከሆነም አትጣይው። ለቆዳ ጫማ የሚስተካከለው የለም። የኔ ቆርቆሮ በ6 ዓመቱ ገና ግማሽ ነው።