ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ የኋላ መብራት

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቶዮታ ዲኤክስ ነው የምነዳው፣ ማታ መብራት አብርቼ ፍሬን ስይዝ የግራው የኋላ መብራት ድርግም ይላል፣ የቀኙ ደህና ነው። ግራ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ስቶፑም (የፍሬን መብራቱ) ምኑም ደብዘዝ ብሎ አብሮት ብልጭ ብልጭ ይላል። አምፖል ሁለቴ ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ኤሌክትሪሺያን ገመዱ በሙሉ ይቀየር ብሎኛል፣ ምን ትለኛለህ?»

ወንድሜ፣ ቆይ ብርህን አታውጣ። ይሄ የማሳ ችግር ነው የሚመስለኝ፣ ማሳ ማለት ያው ግራውንዱ፣ ከመብራቱ ወጥቶ ቦዲው ላይ በብሎን የሚታሰረው ገመድ፣ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። የኋላው አምፖል ላይ 21/5 ዋት የሚል ታያለህ፣ ውስጡ ሁለት ክር ነው ያለው፣ 5ቱ ለማታ መብራት 21ዱ ለስቶፕ፣ ሁለቱም የሚመለሱት ግን በአንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲላቀቅ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በስቶፑ ክር ዞሮ በቀኙ ስቶፕ አምፖል በኩል ይወርዳል፣ ለዛ ነው ፍሬን እስክትይዝ ድረስ የግራው ደህና የሚመስልህ። ፍሬን ስትይዝ ግን ትንሿ ክር በሁለቱም ጫፍ 12 ቮልት ይደርሳታል፣ መሄጃ የለም፣ ጠፋች።

መጀመሪያ ግን አምፖሉን አውጥተህ እየው፣ ባለ አንድ ክር አምፖል አስገድደው ከተውልህም ሁለቱን መስመር አገናኝቶ ተመሳሳይ እብደት ያመጣል። አምፖሉ ልክ ከሆነ አንድ ሜትር ገመድ ፈልግ፣ ሁለቱንም ጫፍ ላጠው፣ አንዱን የመብራቱ ማሳ ላይ ሌላውን ቀለም የሌለው ንፁህ ብረት ላይ ያዝ፣ መብራት አብራና ሰው ፍሬን ይያዝልህ። ከተስተካከለ አገኘኸው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ደግሞ 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገህ ቀዩን የመብራቱ ማሳ ላይ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ መብራቱ በርቶ ከ0.2 ቮልት ብዙ ካለፈ ማሳው ደካማ ነው።

ከዛ ብሎኑን ፍታው፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትገው፣ አጥብቀህ እሰረውና ዝገት እንዳይመለስ ከላይ ትንሽ ግራሶ ቀባው። መኪናው ተጋጭቶ ወይ ቀለም ተቀብቶ ያውቃል? እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ከፔዳሉ በላይ ያለውን የስቶፕ ስዊች ስፈታ ስገጥም ውዬ (አፍሬ ነው የምነግርህ) ለካ ቀለም ቀቢው ብሎኑ ሥር ስቱኮ አስገብቶበት ኖሯል።

ስትነካካ ፊውዝ ከተቃጠለ በዛው አምፔር ተካ፣ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት የሚባለውን ነገር እንዳትሞክር፣ ገመዱን በሙሉ የምትቀይረው ያኔ ነው። ወደ ኤልኢዲ ልቀይር ብለህም እንዳትሸወድ፣ ማሳውን አያስተካክለውም፣ ጭራሽ ፍሬቻው ላይ ከሆነ ጭነቱ ስለሚያንስ አምፖል የተቃጠለበት ይመስል በፍጥነት መምታት ይጀምራል።

በገመዱ ሞክረህ ምንም ካልተለወጠ የአምፖሉን መቀመጫ ውስጡን እይ፣ አረንጓዴ ዝገት ወይ የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ከአሮጌ መኪና የወጣ ደህና መቀመጫ ፈልግና እሱን ብቻ አስቀይር።